ክሩ ሲደርቅ

በኩራዝ ብርሃን ያጠና ሁሉ አንድ ነገር ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ላምባው እስካለ ድረስ ክሩ አይነድም። የሚነደው ላምባው ነው፤ ክሩ ተሸካሚ ብቻ ነው። ላምባው ከታች ሲያልቅ ግን ነበልባሉ ይቀላል፣ ይጨሳል፣ ክሩ ራሱ መንደድ ይጀምራል፣ ቤቱም ባንድ ጊዜ ይሸታል። እናት ከጓዳ ሆና "ኩራዙ ደርቋል፣ አጥፉት!" ትላለች። ማየት አላስፈለጋትም፤ አፍንጫዋ ነግሯታል።

ይህች የኩራዝ ሕግ ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ኪስ ውስጥ ገብታለች። ቬፕ ወይም ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በሚባለው ዕቃ ሆድ ውስጥ ያለው ነገር፣ ከባትሪውና ከመብራቱ በስተቀር፣ ኩራዝ ነው።

ስለ ቬፕ ሲወራ ክርክሩ ሁልጊዜ ስለ ኒኮቲን፣ ስለ ፍራፍሬ ጣዕሙ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ክልከላ ነው። ሁሉም ተገቢ ነው። ስለ ክሩ ግን የሚያወራ የለም። ክሩ የዕቃው ርካሹ ክፍል ነው፤ ከሳንቲም አይበልጥም። ሆኖም አንድ ሰው ወደ ሳንባው የሚያስገባው እንፋሎት ይሁን የቃጠሎ ጭስ በአብዛኛው የሚወስነው፣ ያቺ የጥጥ ቁራጭ እርጥብ መሆኗና አለመሆኗ ነው። ይህ ማጋነን የሚመስለው ካለ ትንሽ ይታገስ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቬፕ አራት ነገር ነው፦ ባትሪ፣ የተጠመዘዘ ሽቦ፣ በሽቦው መሀል የሚያልፍ ክር፣ ክሩን የሚያርስ ፈሳሽ። ሽቦው ቤታችን ካለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው። በብዛት የሚሠራበት ካንታል የሚባል የብረት፣ የክሮምና የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ስሙን ያገኘው ከፈልሳፊው ከስዊድናዊው ሐንስ ፎን ካንትሶቭና ከሐልስታሐማር ከተማ ነው። ለምድጃና ለፋብሪካ እቶን የተፈጠረ ሽቦ ነበር። አንድ ቀን ሰው አፉ ሥር አድርጎ ይተነፍስበታል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ፈሳሹ ደግሞ በዋናነት የሁለት ነገሮች ድብልቅ ነው። አንዱ ፕሮፒሊን ግላይኮል ይባላል፤ በ188 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ሌላው ግሊሰሪን ነው፤ በ290 ዲግሪ ይፈላል። ኒኮቲኑና ጣዕሙ በእነዚህ ውስጥ ይሟሟሉ። ሽቦው ሲግል በዙሪያው ያለው ፈሳሽ ይተናል፤ የኤሌክትሪኩ ኃይል ፈሳሹን ወደ እንፋሎት በመለወጥ ስለሚያልቅ ሙቀቱ ከመፍያው ነጥብ ብዙ አይርቅም። ልክ እንደ ድስት ነው። መረቅ እስካለው ድረስ እሳቱ ምንም ቢበረታ ወጡ ይንተከተካል እንጂ አያርርም። መረቁ ባለቀበት ቅጽበት ግን ወሬው ሌላ ነው። ቬፕ ውስጥም ክሩ ሲደርቅ የሽቦው ሙቀት የሚያግደው የለም፤ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። ጥጡ ይጠቁራል። የቀረችው ፈሳሽ መትነኗን ትታ ትፈራርሳለች፤ ግሊሰሪንና ፕሮፒሊን ግላይኮል ሲፈራርሱ ከሚወልዷቸው ልጆች አንዱ ፎርማልዴሃይድ ነው። አስከሬን እንዳይፈርስ የሚደረግበት፣ ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠ ኬሚካል።

ስለዚህ የክሩ ሥራ አንድ ነው፦ ሽቦው ከሚያተነው ባልዘገየ ፍጥነት ፈሳሽ ማድረስ።

ይህን ሥራ ማን ይሥራው የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ዓመት ፈጅቷል። የዛሬውን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የፈጠረው ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 2003 ነበር። ራሱ ከባድ አጫሽ ነበር፤ አጫሽ የነበሩት አባቱም በሳንባ ካንሰር ነው የሞቱት። ቀጥለው ገበያ የወጡት ሲጋራ መሳይ ዕቃዎች ብዙዎቹ ሆዳቸው በፖሊስተር ብናኝ የተሞላ ነበር፤ ትራስ ውስጥ የሚጎሰጎሰው ዓይነት። ፖሊስተር በ260 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ያንን ቁጥር ከላይ ካለው 290 ጋር ያነጻጸረ ሰው ችግሩን ለማየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልገውም። ፈሳሹ ሲያልቅ የሚያርረው ፕላስቲክ ነው።

ከዚያ የሲሊካ ገመድ መጣ። ሲሊካ የመስታወት ዘመድ ነው፤ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ቢግል ደንታ የለውም። ተጠቃሚዎች ሲቆሽሽባቸው ሽቦውን ባዶውን አግለው እዚያው ያቃጥሉትና ያጸዱት ነበር። ጥሩ ይመስላል። ግን ፈሳሽ ቶሎ አያደርስም፤ ሲያረጅ ደግሞ ይሰባበራል። የመስታወት ፀጉር በትንፋሹ መሳብ የሚፈልግ ማን አለ? ሌሎች የማይዝግ ብረት ወንፊት እንደ ሲጋራ ጠቅልለው ክር አደረጉት። ሆኖም ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ሽቦውን ከነካው ባትሪው ሾርት ያደርጋል። ስለዚህ ወንፊቱን በጋዝ ነበልባል ደጋግሞ እያጋሉ ላዩን ማዛግ ነበረባቸው። ሥራው የሰዓት ሠሪ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ብዙው ሰው ተስፋ ቆረጠ።

በመጨረሻ ጥጥ አሸነፈ። ይህን ያመጣው ፋብሪካ አልነበረም፤ ራሳቸው ተጠቃሚዎቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ባሉት ዓመታት አቶማይዘሩ፣ ማለትም ሽቦውና ክሩ የሚቀመጡበት ክፍል፣ በብሎን እየተፈታ የሚገጠም ሆኖ መሠራት ጀመረ። ባለቤቱ ሽቦውን ራሱ ይጠመዝዛል፣ ክሩን ራሱ ያስገባል፣ ሲያረጅ ራሱ ይቀይራል። እንዲህ ያለ ዕቃ የያዘ ሰው አንድ ሌላው የሌለው ነገር አለው። ክዳኑን ከፍቶ ያያል።

እዚህ ላይ የጥጥን ነገር ማንሳት ግድ ነው፤ እኛም ከጥጥ ጋር ሩቅ አይደለንም።

ጥጥ ሁሉ ፈሳሽ የሚጠጣ ይመስለናል። አይደለም። ከተክሉ የተለቀመ ጥጥ ላዩ በቀጭን የተፈጥሮ ሰም የተሸፈነ ነው። ፍሬው በመዳመጫ ተለይቶ፣ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ የሆነውን ጥጥ ውኃ ላይ ቢጥሉት ወዲያው አይሰምጥም፤ እንደ ላባ ይንሳፈፋል። ከእንዝርት በቀጥታ ወደ ሸማኔው የሄደ ጋቢም መጀመሪያ ላይ ውኃ ሲነካው የሚያመነታው ለዚህ ነው፤ ከታጠበ በኋላ ነው የሚለሰልሰውና የሚጠጣው። ያ ሰም ለፈታይዋ ጠቃሚ ነው፤ ለቬፕ ክር ግን እንቅፋት ነው። ስለዚህ ለክር የሚሆነው ጥጥ በአልካላይ ተቀቅሎ ሰሙ የወጣለት መሆን አለበት። መድኃኒት ቤት የሚሸጠው የቁስል ጥጥ እንዲህ ያለ ነው። ውኃ ላይ ሲጥሉት በሰከንዶች ውስጥ ይሰምጣል፤ ፈተናውም ይኸው ነው፣ ላቦራቶሪ አያሻውም።

ታዲያ የቁስል ጥጥ ነጭ የሆነው ተነጥቶ ነው፤ ማንጫው አንዳንዴ ክሎሪን ነው፣ አንዳንዴ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ። ለዚህ ነው ብዙዎች ያልተነጣ ጥጥ ፍለጋ የጃፓን የፊት ማጽጃ ጥጥ ድረስ የሄዱት። ሙጂ የሚባለው የጃፓን ሱቅ የሚሸጠው ያልተነጣ ጥጥ በቬፕ ሰዎች ዘንድ እንደ ሽቶ ስሙ ይጠራ ነበር። ፊቷን ልታጸዳበት የገዛችውን ጥጥ ባሏ በመቀስ እየቆራረጠ ሲጨርስባት የተገረመች ሚስት ስንት ትሆን? በኋላ ነጋዴው ነቃና ለቬፕ ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ ጥጥ በየከረጢቱ አውጥቶ በብዙ እጥፍ መሸጥ ጀመረ። ልዩነቱ አንዳንዴ እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን የከረጢቱ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ጥጥ መስሎ ጥጥ ያልሆነው ነው። ለውበት ሳሎን ተብለው ከሚሸጡ ድብልብል ጥጦች አንዳንዶቹ ፖሊስተር የተቀላቀለባቸው ናቸው። መለያው ነጠላና ጋቢ ሲገዙ "ይህ ፈትል ንጹሕ ነው ወይስ ድብልቅ?" ብሎ ለሚጠራጠር ሰው የሚነገረው ያው የእሳት ፈተና ነው። ክሯን መዝዞ መለኮስ። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ ብን የሚል ግራጫ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ከሆነ ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ጥቁር ጠንካራ እንክብል ሆኖ ይቀራል። ያች እንክብል ሳንባ ደጃፍ ላይ እንድትፈጠር የሚፈልግ የለም።

ጥጥን ትቶ ሬዮን የሚጠቀምም አለ። ሬዮን ከእንጨት የሚወጣ ሴሉሎስ በኬሚካል ተሟሙቶ እንደገና ክር የሆነ ነው፤ ፈሳሽ ቶሎ ያመላልሳል፣ የራሱን ጣዕም ብዙም አይጨምርም። ጠባዩ ግን ከጥጥ ይለያል። ጥጥ ሲርስ ያብጣል፤ ስለዚህ ሽቦው ውስጥ ሲገባ ትንሽ ላላ ማለት አለበት። ሬዮን እንደ ጥጥ ስለማያብጥ ጠበቅ ተደርጎ ይገባል። ይህን ሳያውቅ ሬዮንን እንደ ጥጥ የሞላ ሰው ሽቦው ክሩን በደንብ አይነካለትም። ጥጥን እንደ ሬዮን የጠቀጠቀ ደግሞ ክሩን አንቆታል፤ ፈሳሹ አያልፍም፣ መሀሉ ይደርቃል።

ለንደን ውስጥ ታክሲ የሚነዳ፣ ከሃምሳ ዓመት ያለፈ አንድ የአዲስ አበባ ሰው አለ። ሃያ ዓመት ሲያጨስ ኖሯል፤ ከመርካቶ ኒያላ ጀምሮ እስከ እንግሊዝ ጥቅል ትምባሆ ድረስ። ሲጋራውን የተወው በእንዲህ ያለ ተፈቺ አቶማይዘር ነው። ኒኮቲኑን አልተወም፤ እሱም አይክድም። እሑድ ጠዋት ቡና ከተጠጣ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ያነጥፍና ዕቃውን ይፈታል። አሮጌውን ጥጥ በቆንጥጦ ያወጣል። ጥጡ ነጭ ከሆነ ሳምንቱ ደኅና ነበር፤ ቡናማ ከሆነ ፈሳሹ ስኳራማ ነበር፤ መሀሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ካለ አንድ ቀን፣ ምናልባት ተሳፋሪ ሲጠብቅ፣ በደረቁ ስቧል ማለት ነው። የራሱን ሳምንት ከጥጡ ላይ ያነባል።

ቀጥሎ ሽቦውን ባዶውን በትንሽ ኃይል ደጋግሞ ያግለዋል። የተጋገረው ቅሪት ይነሣል፤ በውኃ አለቅልቆ በጥርስ ብሩሽ ያሸዋል። (ይህ ለካንታልና ለማይዝግ ብረት ነው። የኒኬልና የቲታኒየም ሽቦ እንዲህ ባዶውን አይጋልም፤ ቲታኒየም ከነጭራሹ ሊቀጣጠል ይችላል።) ከዚያ አዲስ ጥጥ በቁመቱ አውጥቶ ጫፉን በጣቱ ሾል ያደርግና በሽቦው ቀለበት ያሳልፈዋል። ልኩን የሚያውቀው በእጁ ነው። ጥጡ ሲጎተት ትንሽ ያዝ፣ ትንሽ ለቀቅ ማለት አለበት። ሽቦውን ይዞት ከተንቀሳቀሰ በዝቷል። እንደ ልቡ ከተንሸራተተ አንሷል። ሁለቱን ጅራቶች ፈሳሹ ወዳለበት ጉድጓድ እንዲደርሱ ይቆርጣቸዋል፤ ጫፋቸውን በመርፌ ያበጥረዋል፤ የፈሳሹን በር መሙላት እንጂ መድፈን የለባቸውም። ከተደፈነ ይደርቃል፤ ከጎደለ ያፈስሳል፣ ኪስ ያበላሻል። በመጨረሻ ፈሳሹን ጠብ ጠብ አድርጎ፣ ጥጡ እስኪጠግብ ይጠብቃል። ገና ያልጠገበን ጥጥ ማጋል ገና ያልተለኮሰን ሳምንት ማበላሸት ነው።

ባለፈው ዓመት የእህቱ ልጅ ለትምህርት መጥቶ እሱ ዘንድ ሰነበተ። ልጁ በኪሱ የያዘው የሚጣለውን ነው፤ እንደ ከረሜላ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ ተስቦ ሲያልቅ ከነባትሪው ቆሻሻ ውስጥ የሚገባ።

"ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ጣጣ ለምን?" አለው ጥጡን እያየ። "ይኼ እኮ ተከፍቶ ነው፣ ተስቦ ነው፣ ተጥሎ ነው።"

"የኔ ልጅ፣ ያንተው ውስጥ ምን እንዳለ አይተህ ታውቃለህ?"

"ውስጡማ አይከፈትም።"

ሰውየው ፒንሳ አመጣ። ያለቀውን አንዱን ጫፉን ነቅሎ፣ ጥቅሉን ጎትቶ አወጣና ጋዜጣው ላይ አስቀመጠው። ውስጡ እንደ ሲጋራ ማጣሪያ የተጠቀለለ ስፖንጅ መሳይ ነገር፣ መሀሉ ላይ ትንሽ ሽቦ፣ በሽቦው ዙሪያ የከሰለ ጥጥ።

"መጨረሻ ላይ አይመርም ነበር?"

"ትንሽ። ግን ማንጎው ይሸፍነዋል።"

ሰውየው ሌላ ነገር አልጨመረም። ልጁም ቬፑን አልጣለም፤ የሚያሳዝነው ይህ ነው። ብቻ ከዚያ ወዲህ መረር ሲል ያቆማል ይባላል።

"ማንጎው ይሸፍነዋል" የምትለው ቃል በሳይንስ መጽሔቶች ላይ ብዙ ቀለም ያፈሰሰ ክርክር እምብርት ናት። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 በአሜሪካ የፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን አጭር ደብዳቤ አወጡ። አንድን ቬፕ በ3.3 ቮልት ሲስቡት ፎርማልዴሃይድ የሚለቁ ውሕዶችን አላገኙም። ወደ 5 ቮልት ከፍ ሲያደርጉት ግን ብዙ አገኙ፤ ከዚያ ተነሥተው በዕድሜ ልክ የሚደርሰው የካንሰር አደጋ ከሲጋራው ከ5 እስከ 15 እጥፍ ሊበልጥ ይችላል ብለው አሰሉ። ዜናው ዓለምን ዞረ። "ቬፕ ከሲጋራ ይብሳል" የሚለውን አርዕስት ያላየ ጥቂት ነው።

በዚያው ዓመት ግሪካዊው የልብ ሐኪም ኮንስታንቲኖስ ፋርሳሊኖስና ባልደረቦቹ አዲክሽን በተባለው መጽሔት መልስ ሰጡ። የሠሩት ሙከራ ለለንደኑ ሹፌር ቢነገረው እንግዳ አይሆንበትም። ተፈቺ አቶማይዘር በሁለት ዓይነት አዘጋጁ፤ አንዱን በተለመደው አሞላል፣ ሌላውን በእጥፍ ክር። ልምድ ያላቸው 7 ተጠቃሚዎችን አስቀመጡና ኃይሉን ደረጃ በደረጃ ከ6.5 እስከ 10 ዋት እየጨመሩ አስቧቸው። የመጀመሪያው ዕቃ 9 ዋት ላይ ሲደርስ ሁሉም "ደርቋል" አሉ፤ ጣዕሙ የሚቻል አልነበረም። ክሩ እጥፍ በሆነው ግን በ10 ዋትም ማንም አላማረረም። ከዚያ ሁለቱን ማሽን ላይ ገጥመው ለኩ። ክሩ እርጥብ በሆነበት ሁሉ ፎርማልዴሃይዱና ዘመዶቹ ጥቂት ነበሩ። በደረቀበት ከ30 እስከ 250 እጥፍ ጨመሩ። ዋቱ አንድ፣ ፈሳሹ አንድ፤ ክሩ ነው የተለየው።

የፋርሳሊኖስ ድምዳሜ፦ የፖርትላንዱ ማሽን የሳበው ማንም ሰው የማይስበውን ነው። ሰው እንዲህ ያለውን አፉ ላይ እንዳደረገው ይተፋዋል። ያረረ ሥጋን ለክቶ "ሥጋ መርዝ ነው" እንደማለት ነው፤ ያረረውን የሚበላ የለም።

ክርክሩ እዚህ ላይ ቢቆም ለቬፕ ደጋፊዎች ደስታ ነበር። ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፣ ያውም ከባዱ። እነዚያ ሰባቱ ልምድ ያላቸው ናቸው። የደረቀ ክርን ጣዕም የሚያውቅ ምላስ አላቸው። የ19 ዓመቱ ልጅ ምላስስ? ጣፋጩና በረዶ መሳዩ ቅመም የለበሰው፣ ክሩን አይቶት የማያውቅ፣ ከእጁ ያለው ሊያልቅ ሲል "ገንዘቤን ከፍያለሁ" ብሎ የመጨረሻዋን ትንፋሽ የሚስብ ሰውስ? ማሽኑ የሳበውን የሚስብ ሰው የለም ለማለት እዚያ ሰው ጎን መቀመጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱም ወገን እውነት ይዟል፤ የግሪኩ ሐኪም ስለ ክሩ ትክክል ነው፣ የፖርትላንዶቹ ፍርሃት ደግሞ ክሩን ማየት ለማይችለው ሰው ይሠራል። ጋዜጦች ግን "ይገድላል" ከሚለውና "ምንም አይልም" ከሚለው ሌላ አርዕስት መጻፍ አይወዱም።

(በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ 68 ሰው የገደለውና ከ2,800 በላይ ሆስፒታል ያስተኛው የሳንባ ጉዳት ከክር ጋር የተያያዘ አልነበረም። ዋናው ተጠያቂ የካናቢስ ዘይት ውስጥ የተቀላቀለው ቫይታሚን ኢ አሲቴት ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማውራት ማንንም አያድንም።)

አሁን ወደ ሕጉ። አማርኛ ተናጋሪው በተበተነበት አገር ሁሉ ሕጉ ይለያያል። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2019 ሽያጩን ፈቀደች። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማምረት፣ ማስመጣት፣ ማከፋፈልና መሸጥ ከለከለች። ያው አዋጅ ሺሻንና ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆም ዘግቷል፤ ትምባሆ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳይሸጥ አድርጓል። እንግሊዝ ደግሞ ከአውሮፓ በወረሰችው ሕግ ፈሳሹን በ20 ሚሊ ግራም ኒኮቲን፣ ታንኩን በ2 ሚሊ ሊትር ገድባ ለአዋቂ ትፈቅዳለች።

የኢትዮጵያ ክልከላ ስሕተት ነው ማለት ይከብዳል። አብዛኛው ሕዝቧ በማያጨስ አገር ለልጆች አዲስ የኒኮቲን በር መክፈት ምን ይጠቅማል? እዚህ ላይ አዋጁ ትክክል ነው። የሚጎድለው ሌላ ነው። የተከለከለ ዕቃ ከዱባይ በሻንጣ ሲመጣ የሚመጣው የትኛው ነው? ብሎን የሚፈታውና ጥጥ የሚሞላው ከባዱ ዕቃ አይደለም። ቀላሉ፣ ትንሹ፣ የታሸገው ነው። ክልከላ ሁልጊዜ የሚያሳልፈው ለመደበቅ የሚመቸውን ነው፤ አረቄም ታሪኩ እንዲሁ ነው። ያንን የያዘ ልጅ ደግሞ የሚጠይቀው ሰው የለውም። ሻጩ አይናገርም፣ ሐኪሙ "የተከለከለ ነው" ብሎ ያልፋል፣ ትምህርት ቤቱ ነጥቆ ይጥላል። "መረር ሲልህ አቁም፣ ያ ጥጡ ነው የሚቃጠለው" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር የሚነግረው አያገኝም። ይህችን መናገር መፍቀድ አይደለም። ኩራዝ የማይወድ ሰውም ኩራዙ ሲደርቅ አጥፉት ይላል።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የሚጣለውን ቬፕ ሽያጭ አግዳለች። ምክንያቱ በአብዛኛው ቆሻሻውና ሕፃናቱ ናቸው፤ በየጎዳናው የሚጣለው የሊቲየም ባትሪ፣ በቆሻሻ መኪና ውስጥ የሚነሣው እሳት። ሕጉ ውስጥ ግን ለጥጥ ሰዎች ጆሮ የምትጥም ሐረግ አለች። አንድ ዕቃ "የሚጣል አይደለም" ለመባል ባትሪው የሚሞላ፣ ፈሳሹ የሚሞላ፣ ሽቦውም በተጠቃሚው የሚቀየር መሆን አለበት። ሽቦው! ፓርላማ ስለ ኮይል ሕግ ያወጣበት ቀን ይመጣል ብሎ ማን ጠብቆ ነበር?

አምራቾቹ መልሱን ለማግኘት አልዘገዩም። ሽቦውና ጥጡ በአንዲት የታሸገች ፕላስቲክ ውስጥ ይገባሉ፤ ፖድ ይሏታል። ሕጉም ይህን ይፈቅዳል፤ ፖዷ ተነቅላ በሌላ ከተተካች ሽቦው "ተቀየረ" ማለት ነው። ዕቃው ያው ዕቃ ነው፣ ቀለሙም ያው፣ ማንጎውም ያው፤ ከሥሩ የቻርጀር ቀዳዳ ተጨምሮለታል። ጥጡን ግን አሁንም የሚያየው የለም።

የለንደኑ ሹፌር ጥጥ የሚገዛበት የሰፈሩ ሱቅ ባለፈው ክረምት ጥጥ ማስመጣት አቆመ። መደርደሪያው በፖድ ተሞልቷል። ሻጩ፣ ትሑት የባንግላዴሽ ልጅ ነው፣ "የሚጠይቅ የለም፣ ወንድሜ፤ አንተና አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀራችሁ" አለው። አሁን ጥጡን የሚገዛው ከመድኃኒት ቤት ነው፤ ትልቁን ጥቅል፣ ለቁስል የሚሆነውን። ቤት ወስዶ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውኃ ያፈላዋል፣ ጨምቆ በመስኮቱ ዳር ያሰጣዋል። አንዱ ጥቅል ዓመት ይበቃዋል።